ፍላይት ፕላን ላይ ያሉት እንግዳ ስሞች፦ ከጎንደር ልጆች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አዘዞ የሚያርፈውን አውሮፕላን በስልካቸው የሚከታተሉ ልጆች አሉ። ማራኪ አካባቢ ቤታቸው ቁጭ ብለው በሲሙሌተር፣ ማለትም በኮምፒውተር የበረራ ማስመሰያ፣ ከጎንደር ቦሌ የሚያበሩም አሉ፣ አንዳንዶቹ ፈተና እያለባቸው። ሁሉም የሚቆሙት አንድ ቦታ ላይ ነው፦ ፍላይት ፕላኑ፣ ማለትም በረራው የሚሄድበት መንገድ የተጻፈበት ዕቅድ፣ ውስጥ የተደረደሩት ቃላት አማርኛም አይደሉም፣ እንግሊዝኛም አይመስሉም። ደጋግመው የሚመጡትን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤያለሁ። የላቲን ፊደሎቹን የጻፍኳቸው በሚጠሩበት ድምፅ ነው፣ ስለዚህ "ጂ-ዲ-ኪው" ስል ሦስት ፊደል ብላችሁ ቁጠሩ።

እነዚህ ቃላት ምንድን ናቸው? የሚስጥር ኮድ ነው እንዴ?

ኧረ ምንም ሚስጥር የለውም። ሰማይ ላይ ላሉ ነጥቦች የወጣ ስም ነው፣ ነጥቦቹም ዌይፖይንት ይባላሉ። አንድ ነጥብ ኬክሮስና ኬንትሮስ አለው፣ በቃ። መሬት ላይ ምልክት የለውም፣ አንቴና የለውም፣ ከሥሩ የጤፍ ማሳ ወይም የጣና ውሃ ሊሆን ይችላል። አብራሪው ከነጥብ ወደ ነጥብ እየተሻገረ ይሄዳል፣ ተቆጣጣሪውም "በቀጥታ ወደ እገሌ ሂድ" ሲል የሚጠራው ይህንኑ ስም ነው። ዲግሪና ደቂቃ በሬዲዮ አንድ በአንድ እያነበቡ መሄድ ይቻላል፣ ግን አንድ ቁጥር ከተሳሳተ አውሮፕላኑ ሌላ ቦታ ነው የሚሄደው።

ስሙ ትርጉም እንዲኖረው ማንም አይጠብቅም። የሚጠበቅበት ሁለት ነገር ነው፦ አፍ ላይ እንዲቀልና ከሌላ ስም ጋር እንዳይምታታ። "ይሄ ስም ምን ማለት ነው?" እያላችሁ መዝገበ ቃላት የምታገላብጡ ካላችሁ ተዉት።

ለምን አምስት ፊደል? ሦስት ፊደል ያላቸውስ?

የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት፣ ማለትም የኢካኦ፣ ደንብ ነው። ለአውሮፕላን አቅጣጫ የሚጠቁም የሬዲዮ ጣቢያ የሌለበት ነጥብ አምስት ፊደል ያለው፣ እንደ ቃል የሚነበብና በሌላ ቦታ ያልተያዘ ስም ይሰጠዋል። ሦስት ፊደል ካያችሁ ግን አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ቦታ መሬት ላይ የቆመ እውነተኛ ጣቢያ አለ፣ ብዙ ጊዜ ቪኦአር የሚባለው ዓይነት። ጣቢያው የራሱን ሦስት ፊደል በሞርስ እየደጋገመ ያሰማል፣ አብራሪውም በጆሮው ሰምቶ ትክክለኛውን ጣቢያ መያዙን ያረጋግጣል። ኤንዲቢ የሚባሉት የቆዩት ጣቢያዎች ደግሞ በአንድ ወይም በሁለት ፊደልም ሊጠሩ ይችላሉ። ይህ ነገር መዘዝ አለው፣ ከታች እመጣበታለሁ።

ሒሳብ ለምትወዱ፦ 26 ፊደል በአምስት ቦታ ሲደረደር 11,881,376 ስም ይወጣል። ብዙ ይመስላል። ግን አናባቢ የሌላቸውን፣ ምላስ የሚያስሩትን፣ በየቋንቋው ስድብ የሚሆኑትንና እርስ በርስ የሚመሳሰሉትን ስታወጡ የሚቀረው ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው።

ስሙን የሚያወጣው ማነው?

አገሮች ይጠይቃሉ፣ ኢካኦ ይመዘግባል። አይካርድ የሚባል የጋራ የመረጃ ቋት አለ፣ የተያዙትና ነፃ የሆኑት ስሞች የሚታዩት እዚያ ነው። ለኢትዮጵያ ሰማይ የሚመለከተው የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነው፣ እኛ ያለንበት የኢካኦ ክልላዊ ቢሮ ደግሞ ናይሮቢ ነው። በብዙ አገር ኮምፒውተሩ ከፈጠራቸው ነፃ ስሞች አንዱን ያነሳሉ። ለዚህ ነው ብዙዎቹ ስሞች ከየት እንደመጡ የማይታወቁ የሚመስሉት። በእርግጥም ከየትም አልመጡም።

ቀልድ የሆኑ ስሞች አሉ የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፣ በተለይ አሜሪካ። እዚያ የአቀራረብ መስመሩን የሚነድፉትና የሚቆጣጠሩት ሰዎች ስም የመጠቆም ዕድል አላቸው፣ እነሱም አልሰነፉም።

ካንሳስ ሲቲ በተጠበሰ ሥጋ የታወቀ ከተማ ነው፣ ወደዚያ ስትቀርቡ "ስፓይሲ"፣ "ባርቢኪው"፣ "ስሞክ"፣ "ሪብስ" የሚሉ ነጥቦች ያጋጥሟችኋል፣ ቅመሙ፣ ጥብሱ፣ ጭሱና ጎድኑ በየተራ ማለት ነው። ቦስተን አጠገብ ኤል-ቢ-ኤስ-ቲ-ኤ አለ፣ የከተማው ሰው ሎብስተርን፣ ያንን ትልቅ የባሕር እንስሳ፣ መጨረሻውን ውጦ "ላብስታ" ብሎ ነው የሚጠራው፣ ነጥቡም በዚያው አነጋገር ተጻፈ። ቬርሞንት ውስጥ ያለች የሞንትፒሊየር ትንሽ ማረፊያ "ሃም"፣ "በርገር"፣ "ፍራይስ" ታቀርባለች። በጾም ቀን የሚያበር ኦርቶዶክስ አብራሪ ምን እንደሚል እንጃ።

ከሁሉም እኔን የሚያስቀኝ የኒው ሃምፕሸሯ ፖርትስመዝ ናት። አራቱን ነጥቦች በተከታታይ ስታነቧቸው "አይ ቶት አይ ቶው ኤ ፑዲ ታት" ይላሉ። ምላሱ ያልተፈታ የካርቱን ወፍ "ድመት ያየሁ መሰለኝ" የሚልበት ዝነኛ አባባል ነው። አብራሪው ማረፍ ካልቻለና ሽቅብ ከተመለሰ ደግሞ የሚሄድበት ነጥብ "አይ ዲድ" ይባላል፣ "አዎ አይቻለሁ" እንደማለት። ያንን አምስተኛ ስም የጨመረው ሰው ሥራውን ይወድ ነበር።

አውስትራሊያም አለች። በምዕራብ የባሕር ዳርቻዋ በኩል "ዎንሳ"፣ "ጆሊ"፣ "ስዋጊ"፣ "ካምብስ"፣ "ቡያ"፣ "ቢላ"፣ "ቦንግስ" የሚባሉ ነጥቦች ተከታትለው ተቀምጠዋል፣ ሲነበቡ "ዋልዚንግ ማቲልዳ" የሚባለው የሕዝብ ዘፈናቸው መነሻ ስንኝ ነው።

ሁሉም ለሳቅ አይደለም ታዲያ። ወደ ዋሽንግተን ሬገን ማረፊያ የሚወስድ አንድ መስመር ነጥቦቹ ሲገጣጠሙ "ወታደሮቻችንን እንደግፋለን" የሚል መልእክት አላቸው። ፍሎሪዳ ፓልም ቢች አጠገብ ደግሞ "ዶናልድ"፣ "ትራምፕ"፣ "ዩ ፋየርድ" የሚሉ ነጥቦች ነበሩ፣ ሰውዬው ገና የቴሌቪዥን ሰው በነበሩበት ጊዜ የወጡ። እ.ኤ.አ. በ2015 ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደሩ የአሜሪካ የአቪዬሽን አስተዳደር ስሞቹን እንደሚቀይር አስታወቀ። በሕይወት ባለ ሰው ስም ነጥብ መሰየም ጣጣ አለው፣ ሰው ይቀየራላ።

እኔ ቀልዱን አልቃወምም። ተከታታይ ስሞች ታሪክ ሲሠሩ ለማስታወስ ይቀላል፣ አንዱ ከተዘለለም ወዲያው ይታወቃል። ግን ቀልዱ የሚሠራው ቋንቋውን ለሚያውቅ ብቻ ነው። ለእኛ አብራሪ "ፑዲ" ከማንኛውም አምስት ፊደል አይለይም።

ሁለት ነጥብ አንድ ዓይነት ስም ቢኖራቸው ምን ይመጣል?

ሰው ይሞታል፣ ወይም አገር ምድሩ ይቆማል። ሁለቱም ደርሷል።

እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 20 ቀን 1995 አንድ የአሜሪካን ኤርላይንስ ቦይንግ 757 ከማያሚ ወደ ኮሎምቢያዋ ካሊ ይሄድ ነበር። ጊዜው ሌሊት፣ ካሊ ደግሞ በተራሮች መሀል ያለች ከተማ ናት። አብራሪዎቹ ሮዞ ወደሚባለው የሬዲዮ ጣቢያ ለመሄድ ኮምፒውተሩ ላይ "አር" የሚለውን አንድ ፊደል አስገቡ፣ ካርታቸው ላይ የሮዞ ምልክት አር ነበራ። ኮምፒውተሩ ግን "አር" ሲባል ያቀረበው ቦጎታ አጠገብ ያለውን ሮሜዮ የሚባል ሌላ ጣቢያ ነው። ሮዞን ለማግኘት ስሙን ሙሉ መጻፍ ያስፈልግ ነበር። አውሮፕላኑ ወደ ምሥራቅ ታጠፈ፣ እነሱም ምን እንደሆነ እስኪገባቸው ከፍታ እየቀነሱ ነበር፣ ሊመለሱ ሲሉ ተራራ መታ። ከ163 ሰው የተረፉት 4 ብቻ ናቸው። የአደጋው ምክንያት ይህ ብቻ አልነበረም፣ ግን ያቺ አንዲት ፊደል ባትኖር ወደዚያ ባልታጠፉ።

ይህን ስትሰሙ የእኛን ቦታ አስቡት። የአዘዞ ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ በሰሜን ምሥራቅ በኩል ደግሞ 4,550 ሜትር የሚደርሰው ራስ ዳሽን ያለበት የስሜን ተራራ ተዘርግቷል። በተራራ አገር የተሳሳተ ስም ተራ የጽሕፈት ስህተት አይደለም።

ሁለተኛው ታሪክ ማንም አልሞተበትም፣ ግን ይበልጥ የሚገርም ነው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 28 ቀን 2023 የእንግሊዝ የአየር ትራፊክ አገልግሎት ፍላይት ፕላን የሚቀበልበት ኮምፒውተር አንድ ከሎስ አንጀለስ ወደ ፓሪስ የሚሄድ በረራ ደረሰው። መስመሩ ላይ ዲ-ቪ-ኤል የሚል ምልክት አለ። ችግሩ ዲ-ቪ-ኤል ሁለት ነው፦ አንዱ ፈረንሳይ ውስጥ ዶቪል፣ ሌላው አሜሪካ ኖርዝ ዳኮታ ውስጥ ዴቪልስ ሌክ፣ መካከላቸው 4,000 ኖቲካል ማይል ያህል። ኮምፒውተሩ አውሮፕላኑ ከእንግሊዝ ሰማይ የሚወጣበትን ቦታ ሲፈልግ የተሳሳተውን ዲ-ቪ-ኤል አገኘ። ገና ሳይገባ ወጣ ማለት ሆነበት። እንዲህ ዓይነት ነገር አይቼ አላውቅም ብሎ ራሱን ዘጋ። ተጠባባቂው ኮምፒውተር ያንኑ ፕላን ተቀበለ፣ እሱም ራሱን ዘጋ። ከዚያ ሰዎች ፕላኑን በእጅ ማስገባት ጀመሩ፣ በረራዎች ተሰረዙ፣ ከ700,000 በላይ መንገደኛ ተጉላላ።

ልብ በሉ፣ ሁለቱም ታሪክ የአጭር ምልክት ታሪክ ነው። ሦስት ፊደል ለዓለም ሁሉ አይበቃም፣ ስለዚህ በተለያየ አህጉር ይደገማል። የአምስት ፊደሉ ስም አንድ ብቻ ይሁን የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው። አሮጌ ድግግሞሾችን የማጽዳቱ ሥራ ግን ዛሬም አላለቀም።

"ፋሲል" ወይም "አዘዞ" የሚባል ነጥብ ለምን አናወጣም?

ይህን የማይጠይቅ የጎንደር ልጅ የለም። በፊደል ቁጥር ሁለቱም ያልፋሉ፣ በላቲን ሲጻፉ ልክ አምስት አምስት ናቸው። ቋራም አምስት ናት። እስቲ በጆሮ እንፈትናቸው።

"ፋሲል" ደስ ይላል፣ ግን የሬዲዮ ድምፅ እንደ ስልክ የተቆረጠ ነው፣ የ"ፍ" እና የ"ስ" ፉጨት በደንብ አያልፍም። ተቆጣጣሪው "ፋሲል" ሲል በጫጫታ ውስጥ ያለ አብራሪ "ባሲል" ወይም "ፎሲል" ሊሰማ ይችላል። "አዘዞ" ከሁሉም የተሻለ ነው፣ አናባቢና ተነባቢ እየተፈራረቀ ይሄዳል፣ ጣሊያኑም ጃፓኑም ይለዋል። ሆኖም ነጥቡ ከአዘዞ ከተማ 80 ኪሎ ሜትር ርቆ ቢቀመጥ ለአገሬው ሰው ራሱ ግራ ያጋባል።

ዋናው ችግር ግን የእኛ ጠንካራ ድምፆች ናቸው። ጠዳን፣ ጭልጋን፣ ቋራን ለውጭ አብራሪ አስነብቡት። ጠዳ "ቴዳ" ትሆናለች፣ ጭልጋ "ቺልጋ"፣ ቋራ ደግሞ ምን እንደምትሆን አይታወቅም። የኢካኦ ደንብ ስሙ በሬዲዮ ግንኙነቱ ቋንቋ ለሚነጋገሩ አብራሪና ተቆጣጣሪ ሳይከብድ እንዲጠራ ይፈልጋል፣ ለዚያ ነው የሚመረጡት ስሞች እንደ ሕፃን ወሬ ለስላሳ የሚሆኑት።

ስሙ ካልተሰማ ደግሞ በፊደል ይባላል፦ ፎክስትሮት፣ አልፋ፣ ሲዬራ፣ ኢንዲያ፣ ሊማ። ይኸው ፋሲል። ጊዜ ይፈጃል፣ ስለዚህ በየጊዜው እንዲህ የሚያስብል ስም ከጅምሩ መጥፎ ስም ነው።

ቁጥር የተደባለቀባቸውስ? 12ኤን037ኢ ምንድነው?

ይሄ ስም የሌለው ነጥብ ነው፣ ቦታው በቀጥታ ተጽፏል። 12 ዲግሪ ሰሜን፣ 37 ዲግሪ ምሥራቅ። ካርታ ላይ ብትፈልጉት ጣና ምዕራባዊ ዳር አካባቢ ይወስዳችኋል። ደቂቃ ከተጨመረበት ይረዝማል፣ 11 ፊደልና ቁጥር ይሆናል።

የአውሮፕላኑ ኮምፒውተር ውስጥ ያንኑ ነጥብ "1237ኢ" ተብሎ ልታዩት ትችላላችሁ። እዚህ ላይ "ኢ" ሰሜንና ምሥራቅ አንድ ላይ ማለት ነው። ኢትዮጵያ ሙሉ በሙሉ እዚያ ውስጥ ስለሆነች በዚህ አጻጻፍ የእኛ ነጥቦች ሁሉ በ"ኢ" ያልቃሉ። አትላንቲክን ስትሻገሩ በ"ኤን" ያልቃል፣ ሰሜንና ምዕራብ ስለሆነ።

ሌላ ዓይነትም አለ፦ ሦስት ፊደል ከስድስት ቁጥር ጋር። ዲ-ዩ-ቢ ብሎ 180040 ካለ፣ ከደብሊን ጣቢያ በ180 ዲግሪ አቅጣጫ 40 ማይል ላይ ማለት ነው። እንደ "ዲ234ጄ" ያለው ደግሞ ከአንድ ጣቢያ በ234 ዲግሪ፣ 10 ማይል ላይ ነው። 10 ከየት መጣ? ጄ አሥረኛ ፊደል ናታ። ኤ 1 ማይል፣ ቢ 2 ማይል፣ እንዲያ እያለ ይቀጥላል። "አርደብልዩ25ኤል" ካያችሁ ደግሞ ማኮብኮቢያ 25 ግራ ነው፣ ቦሌ እንዲህ የሚባል ማኮብኮቢያ አለ።

ጭራሽ የማይነበብ አምስት ፊደል አየሁ። ስህተት ነው?

በ"ሲ-ኤፍ" ጀምሮ ሦስት ተነባቢ የተከተለ ከሆነና አሜሪካ ውስጥ ከሆነ ስህተት አይደለም። ለኮምፒውተር ብቻ የተሠራ ነጥብ ነው። በሬዲዮ አይጠራም፣ ፍላይት ፕላን ላይም አይጻፍም፣ ስለዚህ ቢነበብ ባይነበብ ግድ የለም።

ጂ-ዲ-ኪው እና ኤች-ኤ-ጂ-ኤን ሁለቱም ጎንደር ናቸው?

አዎ፣ ሁለቱም አፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ናቸው። ጂ-ዲ-ኪው ቲኬታችሁና ሻንጣችሁ ላይ የሚለጠፈው ነው። ፍላይት ፕላን ላይ የሚጻፈው ባለ አራቱ ነው፦ ኤች-ኤ ኢትዮጵያ፣ ጂ-ኤን ጎንደር። ባሕር ዳር ኤች-ኤ-ቢ-ዲ፣ ቦሌ ኤች-ኤ-ኤ-ቢ። ሲሙሌተር ላይ ጂ-ዲ-ኪው ጽፋችሁ "አልተገኘም" ካላችሁ ችግሩ ይሄ ነው።

"ኤን0330ኤፍ210 ዲሲቲ" የሚለው የነጥብ ስም ነው?

አይደለም። ኤን0330 ፍጥነት ነው፣ 330 ኖት፣ ማለትም በሰዓት 330 ኖቲካል ማይል። ኤፍ210 ከፍታ ነው፣ 21,000 ጫማ፣ ማለትም 6,400 ሜትር ገደማ። ዲሲቲ "በቀጥታ" ማለት ነው፣ መንገድ ሳይከተል ከነጥብ ወደ ነጥብ። ከጎንደር አዲስ አበባ በቀጥታ መስመር 420 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በመኪና ግን ከ700 በላይ።

በዚሁ አጋጣሚ ስለ ሰዓቱም ልበል። ፕላኑ ላይ ያለው ሰዓት የግሪኒች ነው። ከእኛ የሰዓት አቆጣጠር ጋር ለማስታረቅ 3 ቀንሱ፦ 0900 ከሆነ ቀን 6 ሰዓት ነው። ስልካችሁ በፈረንጅ አቆጣጠር ከሆነ ግን 3 ደምሩ። ይሄኛው ከስሞቹ በላይ ብዙ ሰው ያሳስታል።

ፍላይትራዳር ላይ አውሮፕላኑ ነጥቡ ላይ ሳይደርስ ታጠፈ። ተሳስቶ ነው?

አልተሳሳተም። አብዛኛው ነጥብ ቀድሞ መታጠፍ የሚፈቀድበት ነው፣ ኮምፒውተሩ ፍጥነቱን አስልቶ ወደ ቀጣዩ መስመር ለስለስ ብሎ ይገባል። በላዩ ላይ ማለፍ ግዴታ የሆነባቸው ነጥቦችም አሉ፣ ካርታ ላይ በክብ ተከበው ነው የሚታዩት።

ባለፈው ያየሁት ስም ዛሬ የለም። የት ሄደ?

የአቪዬሽን መረጃ በየ28 ቀኑ ይታደሳል። አንድ ነጥብ ሊሰረዝ፣ ሊዛወር፣ ስሙ ሊቀየር ይችላል። ወይም ነጥቡ አለ፣ አውሮፕላኑ ነው መንገድ የቀየረው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲነሳ ሰማዩ ተዘጋ፣ በዚያ ያልፉ የነበሩ በረራዎችም ዙሪያውን መሄድ ጀመሩ፣ ፕላናቸው ላይ የሚነበቡት ስሞችም አብረው ተቀየሩ።

የኢትዮጵያን ነጥቦች ዝርዝር የት አገኛለሁ?

እያንዳንዱ አገር ኤአይፒ የሚባል የአቪዬሽን መረጃ መጽሐፍ ያወጣል፣ የእኛን የሚያወጣው ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነው። ውስጡ ሦስት ክፍል አለው፦ ጠቅላላ፣ የመንገድ ላይ እና የአውሮፕላን ማረፊያ። የመንገድ ላይ በሚለው ክፍል ቁጥር 4.4 ን ክፈቱ፣ አምስት ፊደል ያላቸው ስሞች ከነቦታቸው ተደርድረው የሚገኙት እዚያ ነው። የሬዲዮ ጣቢያዎቹ 4.1 ላይ ናቸው። የየትኛውም አገር ኤአይፒ በዚሁ ቁጥር ስለሚሄድ አንዱን ማንበብ ከለመዳችሁ የኬንያውንም የጀርመኑንም ታነባላችሁ።

ሲሙሌተር ላይ ያለው ዳታ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያረጀ ነው። አንድ ስም አልገባም ካላችሁ በግድ አታስገቡ፣ ዝለሉትና ቀጣዩን ስጡት። ተመሳሳይ ስም ያላቸው ሁለት ሦስት ነጥቦች ካቀረበላችሁ ደግሞ ከመጫናችሁ በፊት ርቀቱን እዩ። ከአዘዞ ተነስታችሁ ቀጣዩ ነጥብ 5,000 ማይል ካለ የእናንተ አይደለም።